የአባቴ 27 ካርቶኖች፦ ከደሴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት፣
ለደሴ ከተማ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት፣
እንዲሁም በአገር ውስጥና በውጭ አገር ለምትገኙ የደሴና የአካባቢዋ ተወላጆች

ጉዳዩ፦ የአንድ ሟች ፎቶ አንሺ ኔጋቲቮችና መዝገቦች ሳይነጣጠሉ በአደራ እንዲጠበቁ ስለ መጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከአባቴ ቤት፣ ካርቶኖቹ ከተደረደሩበት ክፍል ሆኜ ነው። አባቴ ሰዓሊና ፎቶ አንሺ ነበሩ። ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ደሴ ፒያሳ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጎን በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ፎቶ ቤታቸው፣ ሙሽራውን፣ ወታደሩን፣ ተማሪውን፣ ነጋዴውን፣ ቄሱንና ሐጂውን በአንዲት ወንበር ላይ እያፈራረቁ ሲያነሡ ኖረዋል። ነሐሴ 2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ለእኛ ለአምስት ልጆቻቸው የተውልን 27 የጫማ ካርቶን ሙሉ ኔጋቲቭ፣ 19 የደንበኛ መዝገብ፣ በእጃቸው የሣሏቸው ሦስት የአቡጀዲ መጋረጃዎችና ጥቂት የዘይት ቀለም ሥዕሎች ነው። ሥዕሎቹን ያለ ጭቅጭቅ ተካፍለናል። ኔጋቲቮቹን ግን ልንካፈላቸው አልቻልንም፤ በውስጣቸው ያለው ፊት የሌላ ሰው ነውና፣ የእኔ ድርሻ ይህ ነው ለማለት ማናችንም አልደፈርንም።

አባቴ ሥዕልን የጀመሩት በቆሎ ተማሪነታቸው ዘመን፣ ከብራና ጸሐፊዎች አጠገብ ተቀምጠው የመጽሐፍ ጌጥ የሆነውን ሐረግ እየቀዱ ነው። በኋላ አዲስ አበባ ሄደው፣ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምረዋል። ከጀርመን ተመልሰው በዚያ ያስተምሩ የነበሩትን ገብረ ክርስቶስ ደስታን ሲያነሡ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር፤ ረቂቅ ሥዕላቸውን ግን አንድም ቀን "ገብቶኛል" ሲሉ አልሰማሁም። አያታችን ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጠው ወደ ደሴ ተመለሱ፤ የጠጅ ቤትና የፀጉር አስተካካይ ታቤላ እየጻፉ ባጠራቀሙት ገንዘብ አንዲት ያገለገለች ያሺካ ካሜራ ገዙ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ "ፎቶ አንሺው" አላቸው፤ እሳቸው ግን የፎቶ ቤቱን ታቤላ ሲጽፉ ከስማቸው በፊት ያስቀመጡት "ሰዓሊ" የሚለውን ነው።

ሰዓሊነታቸው በመጋረጃዎቹ ላይ ይታያል። የመጀመሪያውን መጋረጃ ሲሠሩ የጦሳን ተራራ ከነጉሙ ነበር የሣሉት፤ እስከ ዛሬ ከሥራዎቻቸው ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። ደንበኛ ግን አልወደደውም። ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ጦሳን አይቶ፣ ማታ ሲገባም ጦሳን አይቶ፣ ብር ከፍሎ ደግሞ ከጦሳ ፊት የሚቀመጥ ሰው ከወዴት ይመጣል? ስለዚህ ሁለተኛውን መጋረጃ ባለ ደረጃ ቪላና ፏፏቴ፣ ሦስተኛውን ደግሞ አውሮፕላን አደረጉት። አውሮፕላኑ ገበያ አገኘ። ከአምባሰል፣ ከወረኢሉ፣ ከሐይቅ የመጣ ገበሬ በቀኝ እጁ ከዘራውን ይዞ፣ ግራ እጁን ከአውሮፕላኑ መሰላል ላይ ያሳረፈ መስሎ የተነሣባቸው ኔጋቲቮች አንድ ካርቶን ይሞላሉ። ጦሳ ግን ተጠቅልሎ ከቁም ሣጥን ጀርባ ሠላሳ ዓመት ቆመ። ቀለሙ ያልደበዘዘውም ስላልተሠራበት ይመስለኛል።

የጨለማ ክፍሏን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት፤ ፊልም የሚታጠብበት መድኃኒት ደግሞ 20 ዲግሪ አካባቢ ካልሞቀ ይሰንፋል፤ ሥዕሉ ግራጫ ሆኖ ይቀራል። በክረምት አባቴ የከሰል ምድጃ አያይዘው በላዩ ላይ ውኃ በሰፊ ድስት ይጥዳሉ፣ የመድኃኒቱን ሳህንም በሞቀው ውኃ ላይ ያሳርፉታል፤ ሙቀቱን የሚለኩት በክርናቸው ነው። ወረቀት ላይ ብርሃን የሚያርፍበትን ጊዜ የሚቆጥር ሰዓት አልነበራቸውም። እኛ ልጆቹ ነበርን ሰዓቱ። እኔ "አቡነ ዘበሰማያት" እደግማለሁ፤ የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ጓደኛዬ፣ ፋቲሓ ትቀራለች። ፋቲሓ ቶሎ ስለሚያልቅ ለጉርድ ፎቶ እሷ፣ ለትልቁ ደግሞ እኔ ተመደብን። እሷ ባልመጣችበት ቀን አባቴ "ዛሬ ጉርድ ይጠቁርብናል" ይሉ ነበር፤ እውነትም ይጠቁር ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ያለው ሥራ የእጅ ነው። በኔጋቲቩ ላይ በሾለ እርሳስ በቀስታ ሲነካኩት፣ እርሳሱ ያረፈበት ቦታ ሲታተም ይፈካል፤ የፈንጣጣ ጠባሳና የግንባር መስመር የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። በዚያ ዘመን የፈንጣጣ ጠባሳ ያለበት ሰው ብዙ ነበርና፣ አባቴ ሳይጠይቁ አይነኩትም ነበር፤ "ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ?" ይላሉ። አብዛኛው ሰው ይጥፋ ይላል። አንድ የወሎ ቦረና ሽማግሌ ግን "ሦስት ልጆቼን የወሰደው እሱ ነው፤ ምስክሬን አታጥፋ" ብለው ነበርና፣ ኔጋቲቫቸው እርሳስ ያልነካው ሆኖ ዛሬም አለ። ሴቶቹም የአንገታቸው ንቅሳት እንዲጎላ እንጂ እንዲደበዝዝ አይፈልጉም። እነዚህን ትእዛዞች ሁሉ አባቴ በመዝገቡ ላይ ከቁጥሩ አጠገብ በትንንሽ ፊደል ይጽፏቸው ነበር፦ "ጠባሳው ይቀመጥ"፣ "ንቅሳቱ ይጉላ"፣ "ባልየው ስለሌለ ከሌላ ፎቶ ይጣመር"።

መዝገቡ ለምን ከኔጋቲቩ መለየት እንደሌለበት ለማስረዳት አንድ ነገር ልናገር። በ1970 ዓ.ም. የስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ለልጅ ማልቀስ እንኳ የሚያስጠረጥርበት ጊዜ ስለነበር ነጭ ነጠላ የለበሰች አንዲት እናት ወደ ፎቶ ቤቱ ገብታ፣ "ልጄ እዚህ ተነሥቶ ነበር" አለች። አባቴ ምን ሆነ ብለው አልጠየቋትም። "መቼ?" ብቻ አሏት። ወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ሊመዘገብ ሲል ብላ መለሰች። መዝገቡን አወረዱ፤ ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ከላይ እስከ ታች እያስኬዱ ሦስት ገጽ ገለጡ፤ ቁጥሩን አገኙ፤ ከካርቶኑም አውጥተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት። ደንበኛ ገብቶበት ከማያውቀው ጨለማ ክፍል አስገቧት፤ ወረቀቱ በመድኃኒቱ ውስጥ ሲንሳፈፍ የልጁ ዓይን ቀድሞ፣ ከዚያ አፉ፣ በመጨረሻም የደንብ ልብሱ ኮሌታ ብቅ ሲል በቀይዋ አምፖል አየችው። እኔን በእጃቸው ይዘው ወጡና ደጅ ቆመው ከልብስ ሰፊው ጋር ስለ ጤፍ ዋጋ ወሬ ያዙ። እሷ ከጨለማው ክፍል ለመውጣት ብዙ ቆየች።

ስትወጣ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፤ "ኮት አልብስልኝ።" ልጁ በሕይወቱ ኮት ለብሶ አያውቅም። አባቴ ፎቶውን አጉልተው፣ በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ኮት፣ ነጭ ሸሚዝና ከረባት ሣሉለት፤ ከንፈሩን በስሱ ቀለም ነኩት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው። በመዝገቡ ላይ ሒሳብ በሚጻፍበት ዓምድ ያለው ሰረዝ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ያንን መዝገብ ገጽ በገጽ ስገልጥ እንዲህ ያለ ሰረዝ አሥራ አንድ ቦታ አገኘሁ። ያለ መዝገቡ እነዚያ አሥራ አንድ ኔጋቲቮች ስም የሌላቸው የአሥራ አንድ ወጣቶች ጉርድ ናቸው።

ስለ ቀሪው ዘመን ብዙ አልልም። ደርግ ከመጣ በኋላ ፊልሙ የምሥራቅ ጀርመን ኦርዎ፣ ካሜራውም የሶቪየት ዜኒት ሆነ። ከዚያ ባለ ቀለም ፎቶ መጣና ፊልሙ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ሄዶ እየታጠበ ይመለስ ጀመር፤ የአባቴ እጅ ሥራ ፈታ። በ1995 ዓ.ም. ፎቶ ቤቱን ዘጉ፤ ወደ ዘይት ቀለማቸውም ተመለሱ። ዕድሜያቸው ሰባ ካለፈ በኋላ ብሩሽ ለመያዝ ጣታቸው ሲንቀጠቀጥ ግራ እጃቸውን ከቀኝ ክንዳቸው ሥር ደግፈው ይሥሉ ነበር።

ካርቶኖቹ የተረፉት በአጋጣሚ ነው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ ሲገባ ሐዘናችን ገና ሁለት ወሩ ነበር፤ ቤቱን ቆልፈን እንደ ብዙው ሰው ወጣን። ስንመለስ በሩ ተሰብሮ፣ ቴሌቪዥኑና ልብሱ ተወስዶ፣ ካርቶኖቹ ግን ተገልብጠው ወለሉ ላይ ተበትነው አገኘናቸው። ከፍቶ ያየው ሰው የሚሸጥ ነገር አላገኘባቸውም። አንዲት ሙሽራ ላይ የጫማ ሶል ታትሞባታል። ከወንድሜ ጋር አራት ወር ሙሉ፣ ፖስታው ላይ ያለውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር እያመሳከርን መልሰን አደራጀናቸው፤ ፖስታቸው ጠፍቶ ቁጥር አልባ የሆኑት ግን ሁለት ካርቶን ይሆናሉ።

አሁን ወደምጠይቀው ነገር ልምጣ፤ ጉዳዩ የሚያስቸኩል ነውና። ባለፈው ክረምት ሦስት ካርቶኖች ስከፍት አፍንጫዬን የመታኝ የአቼቶ ሽታ ነው። የዚያ ዘመን ፊልም አብዛኛው አሴቴት ከሚባል ነገር የተሠራ ስለሆነ፣ ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው ይበሰብሳል፤ ሲበሰብስም አቼቶን አቼቶ የሚያደርገውን አሲድ ያወጣል፤ የወጣው አሲድ ራሱ መበስበሱን ያፋጥነዋል፤ አጠገቡ ወዳለው ጤነኛ ፊልምም ይሻገራል። ፊልሙ ይኮማተራል፤ በላዩ ያለው ሥዕል የተሸከመው ስስ ሽፋንም ይሸበሸባል። አንዴ ከጀመረ ማዝገም እንጂ ማዳን አይቻልም፤ ማዝገሚያውም ቅዝቃዜና ደረቅ አየር ነው። አባቴ ዕድሜ ልካቸውን የተራገሙት የደሴ ብርድ እስከ ዛሬ ፊልማቸውን ጠብቆላቸዋል ማለት ነው፤ የክረምቱን ጉም ግን አልቻለውም። የሸተቱትን ለይተን ሌላ ክፍል አስቀምጠናል፤ በፕላስቲክ የነበሩትን ወደ ወረቀት ፖስታ አዛውረናል። ከዚህ በላይ የቤተሰብ አቅም አይፈቅድም።

ገዢ አልጠፋም። አንድ ሰው መጥቶ ካርቶኖቹን አገላብጦ፣ "ቆንጆዎቹን ብቻ" መርጦ ሊገዛ ጥሩ የሚባል ገንዘብ አቀረበልን። መዝገቡን አልፈልግም አለ። የጨነቀኝ ይሄ ነው፤ ስሙ የቀረ ፊት ለሻጭ ይቀለዋል። ከዚህ በፊትም በአንድ ካላንደር ላይ የአባቴን የአውሮፕላን ፎቶ "ከማኅደር" ከሚል ጽሑፍ ጋር ታትሞ አይቼዋለሁ፤ የማን ማኅደር እንደሆነ የጻፈ የለም። መሰላሉን የሣለው ብሩሽ የማን እንደነበር ስለማውቅ ካላንደሩን ገዝቼ አባቴን አሳየኋቸው። "ህትመቱ ደህና ነው" ብለው መለሱልኝ።

ይህ ነገር በእኛ አልተጀመረም። በማሊ ባማኮ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፎቶ ቤት የነበራቸው ሴይዱ ኬይታ ሥራዎቻቸው በዚያው አቆጣጠር በ1991 ኒው ዮርክ ላይ ለኤግዚቢሽን ሲቀርቡ፣ ፎቶ አንሺው ያልታወቀ ተብሎ ነበር የተጻፈባቸው። ሰውየው በሕይወት ነበሩ፤ ኔጋቲቮቻቸውም በእጃቸው ነበሩ። ዛሬ ስማቸውን በዓለም ላይ የማያውቅ የፎቶ ሙዚየም ያለ አይመስለኝም። በእኛም አገር ከአፄ ምኒልክ ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ሲያነሡ የኖሩት የቦያጂያን ቤተሰቦች ስማቸው በታሪክ ገብቷል፤ ይገባቸዋልም። ንጉሥ ያነሣ ከነንጉሡ ይታወሳል። ተማሪና ሙሽራ ያነሣውን የክፍለ ሀገር ፎቶ አንሺ ግን ያነሣቸው ሰዎች ካላስታወሱት ማን ያስታውሰዋል?

ሕጉንም አይቼዋለሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥዕል ሠሪው ከሞተ በኋላ እስከ 50 ዓመት ሲጠብቅለት፣ ለፎቶግራፍ የሚሰጠው ዘመን ፎቶው ከተነሣ ጀምሮ 25 ዓመት ነው። በዚህ ስሌት ያ በብሩሽ የተሣለው ኮት ገና ብዙ ዘመን ሲቀረው፣ ከኮቱ በላይ ያለው የልጁ ፊት ግን ጊዜው አልፎበታል። ሁለቱም የአንድ እጅ ሥራ ናቸው። ቤተሰባችን ከእነዚህ ፎቶዎች ገንዘብ አይጠብቅምና በጥቅሙ አንከራከርም፤ ስማቸው ከሥራቸው ግርጌ እንዲቀመጥ መጠየቅ ግን ዘመን የሚያልፍበት አይመስለኝም።

ስለዚህ አባቴ እስከ መጨረሻው "ወመዘክር" እያሉ ይጠሩት የነበረውን የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት የምጠይቀው፣ ባለሙያ ልኮ ካርቶኖቹን እንዲያይና 27ቱንም ካርቶኖች ከ19ኙ መዝገቦችና ከሦስቱ መጋረጃዎች ጋር፣ ቆንጆና አስቀያሚ ሳይባል፣ ሳይነጣጠሉ በአደራ እንዲቀበለን ነው። የምንሰጠው በነፃ ነው። የደሴ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤትን ደግሞ፣ ኔጋቲቮቹ ወደ አዲስ አበባ ቢሄዱ እንኳ የተሟላ ቅጂያቸው ደሴ የሚቀመጥበትን ቦታ እንዲያስብልን እለምናለሁ፤ የአምባሰል ገበሬ የአያቱን ፎቶ ለማየት አራት መቶ ኪሎ ሜትር መጓዝ የለበትም። የጦሳን መጋረጃ ግን ብትፈቅዱልን እዚሁ ደሴ፣ ሰው በሚያየው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቢቀር ደስ ይለናል፤ አንድ ቀን ፊቱ የሚቀመጥ ሰው ይገኝ ይሆናል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። እነዚህ ሰዎች አባቴ ፊት የተቀመጡት ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ለእጮኛ ለመላክ ነው እንጂ ለኤግዚቢሽን አልነበረም። አንዳንዶቹ ቤተሰባቸው የማያውቀውን ፎቶ ተነሥተዋል፤ አብሯቸው የተነሣውን ሰውም አባቴ ያውቁ ነበር፤ ለማንም አልተናገሩም። በአሥራ አንዱ ሰረዝ ላይ ያሉትም ልጆች ዘመዶች አሏቸው። ስለዚህ ተቀርጸው ይቀመጡ፣ ይመዝገቡ፣ ተመራማሪም ይያቸው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ወይም ቤተሰቡ አይቶ እሺ ሳይል አንዳቸውም በኢንተርኔት ላይ እንዳይለቀቁ በአደራው ውል ውስጥ እንዲጻፍልን እንፈልጋለን። አባቴ ደንበኛቸውን "ይጥፋ ወይስ ይቀመጥ?" ብለው ሳይጠይቁ እርሳስ አላነሡም።

ለደሴና ለአካባቢዋ ሰዎች፦ እርዳታችሁን የምፈልገው በስም ነው። ቁጥር አልባ በሆኑት በሁለቱ ካርቶኖች ውስጥ ያሉትን ፊቶች የሚያውቃቸው ከእናንተ ሌላ የለም። በቤታችሁ ግድግዳ ላይ ወይም በአልበማችሁ ውስጥ አውሮፕላን፣ ቪላ ወይም ፏፏቴ ከጀርባው ያለው ፎቶ ካለ ገልብጡትና ጀርባውን እዩት፤ "ለማስታወሻ ይሁንሽ" ከሚለው ጽሑፍ በታች በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር ታገኛላችሁ። ያ ቁጥር ከፊቱ ስም ጋር ቢደርሰን አንድ ሰው ከቁጥር አልባዎቹ ወጣ ማለት ነው። በዋሽንግተንም በሪያድም ያላችሁ፣ እናቶቻችሁ ይዘዋቸው የሄዱትን ፎቶዎች እንዲሁ እዩልን።

በመጨረሻም፣ ከ27ቱ ሌላ ኔጋቲቭ የሌለበት አንድ ካርቶን አለ። በውስጡ ያለው ቀብድ ተከፍሎባቸው፣ ታትመው፣ በፖስታ ታሽገው ባለቤቶቻቸው ያልወሰዷቸው ፎቶዎች ናቸው። አባቴ ፎቶ ቤቱን ሲዘጉ "ይመጡ ይሆናል" ብለው ይህን ካርቶን ለብቻው አመጡት፤ እስከ ዕለተ ሞታቸውም አልጋቸው ሥር ነበር። በእያንዳንዱ ፖስታ ላይ ስም፣ ቀንና ቀሪ ሒሳብ አለ፤ ከሁሉም ቀሪው የበዛበት ሰው ያለበት አራት ብር ከሃምሳ ነው፤ እሱንም ምረናል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሩ ክፍት ነው፤ ፎቶ ቤቱ የት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ቤታችንን አያጣውም። ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ ስም ጋር ብትመጡ በቂ ነው፤ መቀበያ ወረቀት አንጠይቅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፎቶ አንሺው ሦስተኛ ልጅ
ደሴ፣ ጥር 2017 ዓ.ም.